ለወንድሜ የታዘዘው ኢማቲኒብ፦ ሐኪሙ ማን ነው? የደም ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላስ ማቆም ይቻላል?

ጠያቂ፦ የባሕር ዳር እኅት

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ የምጽፈው ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድም ጋሼ 41 ዓመቱ ሲሆን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ ግን እየገፋ መጣ፤ ሌሊት አንሶላው እስኪረጥብ ያልበው ነበር፤ ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደ በላ ደግሞ ጠገብሁ ብሎ እጁን ይሰበስብ ነበር። የጨጓራ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ታዘዘለት። በመጨረሻ አንድ ሐኪም አስተኝተው ግራ ጎኑን ሲዳስሱት ጣፊያው አብጦ ከጎድን አጥንቱ ሥር እስከ እምብርቱ አጠገብ ወርዶ አገኙት። በዚያው ዕለት በተደረገው የደም ምርመራ የነጭ የደም ሴሉ ቁጥር 214 ሺህ ሆነ። የጤነኛ ሰው ቁጥር ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ገደማ መሆኑን ያወቅሁትም ያን ዕለት ነው። ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሄድን፤ ምርመራው ተጠናቅቆ በሽታው ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለ የደም ካንሰር መሆኑ ተነገረን።

ኬሞ ይጀምራል፣ ጸጉሩ ይረግፋል ብለን ስንጨነቅ የተሰጠው አንድ ብልቃጥ ክኒን ነው፤ ኢማቲኒብ 400 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ። በሦስተኛው ወር ቁጥሩ 6 ሺህ 800 ገባ፤ ጣፊያውም በእጅ ሲዳሰስ የማይገኝ ሆነ። አሁን አምስተኛ ወሩን ይዟል፤ ወደ ሥራውም ተመልሷል።

የሚያስጨንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ወንድም ጋሼ «ድኛለሁ፤ ደሜ ንጹሕ ነው ተብሏል፤ ጤነኛ ሰው በየቀኑ ክኒን ለምን ይውጣል?» ማለት ጀምሯል። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ ካንሰር በክኒን አይድንምና መጀመሪያውኑ ካንሰር አልነበረም ይሉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ሁለት ሱባዔ ጸበል ገብቶ እንዲጠመቅና በዚያ ጊዜ መድኃኒቱን እንዲተው ይመክሩታል። እኔ ጸበሉን አልቃወምም፤ የምፈራው መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ነው። ይህን መድኃኒት ለሕመምተኞች ያደረሰው ብራያን ድሩከር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እንደ ሆነ አንብቤአለሁ። ወንድሜ ክርክር አይወድም፤ የሰው ታሪክ ሲነገረው ግን ያዳምጣል። ስለዚህ ሐኪም የምታውቁ፣ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ በሚገባው መንገድ ልታስረዱኝ የምትችሉ፣ ይልቁንም ራሳችሁ በመድኃኒቱ ላይ ያላችሁ ብትመልሱልኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት

የተከበሩ እኅቴ፣ ወንድምዎ እንኳን በጊዜ ተገኘላቸው። ታሪኩን ከሥሩ ልንገርዎ፤ የማቆሙ ጥያቄ መልስም እዚያው ውስጥ ይገኛልና።

ብራያን ድሩከር እ.ኤ.አ. በ1955 በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ የተወለዱ፣ የአዋቂዎችን ሉኪሚያ የሚያክሙና የሚመራመሩ ሐኪም ናቸው። በአንድ ወገን ሕመምተኛ የሚያዩ፣ በሌላ ወገን በቤተ ሙከራ ሴል የሚያሳድጉ ሰው መሆናቸው ለታሪኩ ዋና ነገር ነው። ሥራቸውን በጀመሩበት ዘመን የወንድምዎ ዓይነት ሕመምተኛ ሲመጣ የሚሰጠው ሃይድሮክሲዩሪያ ወይም ኢንተርፌሮን ነበር። ሃይድሮክሲዩሪያ ቁጥሩን ያወርዳል እንጂ የበሽታውን ጉዞ አያቆምም። ኢንተርፌሮን ጥቂቶችን በእጅጉ ቢጠቅምም፣ በየቀኑ በመርፌ የሚሰጥና እንደ ብርቱ ጉንፋን የሚያንቀጠቅጥ ነበር። ከበሽታው ጨርሶ ሊያድን የሚችለው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ብቻ ሲሆን፣ ለዚያ ደግሞ የሚስማማ ለጋሽና የሚችል ሰውነት ያስፈልግ ነበር። አብዛኛው ሕመምተኛ ጥቂት ዓመታት ደኅና መስሎ ከቆየ በኋላ በሽታው ብላስት ክራይሲስ ወደሚባለው ደረጃ ይሻገርና በወራት ውስጥ ይሞት ነበር።

በሽታው ከየት እንደሚነሣ ግን ቀደም ብሎ ታውቋል። በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በፊላደልፊያ ከተማ የእነዚህን ሕመምተኞች ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ከተለመደው አጥሮ የተገኘ አንድ ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረ መሎችን የሚሸከም የሴል ክፍል፣ አስተዋሉ፤ ፊላደልፊያ ክሮሞዞም የሚባለው ይህ ነው። በ1973 በቺካጎ ጃኔት ራውሊ የተባሉ ሐኪም የክሮሞዞሞችን ፎቶግራፍ እየቆረጡ በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው ሲያነጻጽሩ፣ ያጠረው የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ጠፍቶ ሳይሆን ከ9ኛው ጋር ቦታ ተለዋውጦ መሆኑን አዩ። በዚህ ልውውጥ የተነሣ ለየብቻቸው ይኖሩ የነበሩ ሁለት ዘረ መሎች፣ ቢሲአርና ኤብል፣ ይጣበቃሉ። ከተጣበቁት የሚወጣው ፕሮቲን ኢንዛይም ሲሆን፣ ለመቅኔ ሴል «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ያለማቋረጥ ይሰጣል። የጤነኛው ኤብል እንደ አስፈላጊነቱ ይሠራል፣ ያርፋል፤ የተጣበቀው ግን ዕረፍት የለውም። የ214 ሺሁ ምንጭ ይህ ነው።

ድሩከር ሴሎች ይህን ትእዛዝ እርስ በርስ የሚተላለፉበትን መንገድ በቦስተን ዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ለዓመታት አጥንተዋል። ባዝል፣ ስዊዘርላንድ፣ በሚገኘው ሲባ ጋይጊ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የኒኮላስ ላይደን ቡድን እንዲህ ያሉ ኢንዛይሞችን የሚያስቆሙ ውሁዶች እየሠራ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ተዋወቁ። ድሩከር በ1993 ወደ ፖርትላንድ፣ ወደ ኦሪገን ጤናና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲዛወሩ ቀድመው ካደረጉት ነገር አንዱ ለላይደን ደውለው ውሁዶቹን መጠየቅ ነበር። ከተላኩላቸው መካከል አንዱ የሕመሙን ሴሎች እየገደለ ጤነኞቹን የሚተው ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱም በ1996 ታተመ። ውሁዱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ኢንዛይሙ ለሥራው ኃይል የሚቀበልበት አንድ ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ መድኃኒቱ ቀድሞ እዚያ ይቀመጥና ኃይሉ እንዳይገባ ይከለክላል። መድኃኒቱ በቦታው እስካለ ድረስ ትእዛዙ ይቋረጣል። ከደም ሲጠፋ ቦታው ይለቀቃል። ለወንድምዎ ሌላው ቢረሳ ይህችን ነጥብ ያስረዱልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ለድሩከር ረጅም ነበር። የእንስሳት ሙከራው የጉበት ጉዳት ሥጋት አስነሣ፤ ኩባንያው በ1996 ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ኖቫርቲስ ሆነ፤ በሽታው በቁጥር ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ በመሆኑም የገበያው ጉዳይ አጠያያቂ ነበር። ድሩከር ግን ሕመምተኞቻቸው በየወሩ እየሞቱ ነበርና መወትወታቸውን አላቆሙም። በሰው ላይ የሚደረገው የመጀመሪያው ሙከራ በሰኔ 1998 ተጀመረ፤ ከእርሳቸው ጋር በሎስ አንጀለስ ቻርልስ ሶየርስ፣ በሂውስተን ሞሼ ታልፓዝ ነበሩ። የተጀመረው በ25 ሚሊ ግራም ሲሆን መጠኑ በጥንቃቄ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይል ነበር። ኢንተርፌሮን እምቢ ካላቸውና 300 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሕመምተኞች መካከል የ53ቱ የደም ቁጥር ሙሉ በሙሉ ተስተካከለ። እኔ ይህን ቁጥር ተማሪ ሳለሁ ሳነበው የኅትመት ስሕተት መስሎኝ ተመልሼ አንብቤዋለሁ፤ በካንሰር ሕክምና እንዲህ ያለ ውጤት አይገኝም ነበርና። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱን ያጸደቀው ግንቦት 10 ቀን 2001 ነው። ቀኑም እንደ ሌሎቹ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዘመዶችዎ «ካንሰር በክኒን አይድንም» ማለታቸው ከክፋት እንዳልሆነ እረዳለሁ፤ ከ25 ዓመት በፊት ብዙ ሐኪሞችም እንደዚያው ያስቡ ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱን ከኢንተርፌሮን ጋር ባነጻጸረውና 1 ሺህ 106 ሕመምተኞች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሕክምናቸውን በኢማቲኒብ ከጀመሩት ውስጥ በ10 ዓመት ጊዜ ከመቶ 83 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ይህ እንግዲህ ሕክምናውን በጊዜ ለጀመረና ለቀጠለ ሰው ነው።

መልስ፦ በመድኃኒቱ ላይ 11 ዓመት

እኅቴ፣ እኔ የወንድምዎን መንገድ የሄድሁበት ሰው ነኝና ልመስክር። በሽታው ሲገኝብኝ 33 ዓመቴ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በአራት ወር ውስጥ ቁጥሬ ተስተካከለ፤ በዓመቱ መጨረሻ ላይም ልክ እንደ ወንድም ጋሼ «ድኛለሁ» አልሁ። ማንም አልመከረኝም፤ በገዛ ራሴ አቆምሁ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ምንም አልሆንሁም። አንድ ወር አለፈ፣ እንዲያውም ዓይኔ ሥር የነበረው እብጠት ጠፍቶ ፊቴ ተመለሰ፤ ሌሊት ባቴን የሚይዘኝ ቁርጥማትም ተወኝ። ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው። መድኃኒቱን ያቆመ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጤና ነው እንጂ ሕመም አይደለም። በአምስተኛው ወር ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ግራ ጎኔን ጨመደደኝ፤ እጄን ስሰድድ ያ ጠንካራ ነገር ከጎድኔ በታች ተመልሶ መጥቷል። በማግሥቱ ስመረመር ቁጥሬ 96 ሺህ ነበር።

ሐኪሜ አልተቆጡኝም። ክኒኑን እንደ ገና አስጀመሩኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መድኃኒቱም መልሶ ሠራልኝ። ነገር ግን ከእኔ ጋር በአንድ ቀጠሮ ቀን እንገናኝ የነበረ አንድ ጓደኛዬ እንዲሁ አቋርጦ ሲመለስ በሽታው ወደሚቀጥለው ደረጃ አልፎበት ነበር፤ ዛሬ የለም። ይህን የምጽፈው ወንድም ጋሼን ለማስፈራራት ሳይሆን የዚያ ሰው ነገር እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ስለ ጸበሉ ልንገርዎ። እኔም ገብቼአለሁ፤ አንድ ጊዜም አይደለም። የንስሐ አባቴን አማክሬ «መድኃኒቱንም የፈጠረው እርሱ ነው፤ ጸበልህን ተጠመቅ፣ ክኒንህንም ዋጥ» ብለውኝ ብልቃጤን ይዤ ገባሁ። ጾሙም ቢሆን አልከለከለኝም። ይህ ክኒን በባዶ ሆድ ከተወሰደ ያጥወለውላል፤ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ነው የሚዋጠው። መጀመሪያ ጧት ጧት እወስድ ነበርና ዐቢይ ጾም ሲገባ ተቸገርሁ። ሐኪሜን አስፈቅጄ ዓመቱን ሙሉ ወደ እራት አዛወርሁት፤ ከዚያ ወዲህ የጾም ቀን የፍስክ ቀን ብዬ ሰዓት አልቀያይርም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል፣ ባለቤቴ ውሃውን ታቀርባለች፣ ልጄ «አባዬ ዋጥህ?» ይለኛል። በየወሩ መጀመሪያ 30 ክኒን ቆጥሬ ወደ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ እገለብጣለሁ፤ በወሩ መጨረሻ አንድ እንኳ ቢተርፍ መርሳቴን አውቃለሁ።

ሹፌር በመሆናቸው አንድ ነገር ልጨምር። መንገድ ላይ ሲያድሩ መድኃኒቱ በመኪናው መሳቢያ ውስጥ በፀሐይ እንዳይሞቅ፣ የሦስት ቀን ትርፍም ሁልጊዜ በቦርሳቸው እንዲኖር ያድርጉ። አውቶቡስ ተበላሽቶ ሁለት ቀን በረሃ ላይ መቅረት ለእርሳቸው እንግዳ ነገር አይሆንም።

መልስ፦ የላብራቶሪ ባለሙያ

ከላይ የተሰጡት መልሶች ጥሩ ናቸው። እኔ የምጨምረው «ደሜ ንጹሕ ነው» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ አብዛኛው መሳሳት የሚመጣው ከዚህ ቃል ነውና።

ወንድምዎ 6 ሺህ 800 የተባሉበት ምርመራ ሲቢሲ ይባላል። ሐምራዊ ክዳን ባላት ቱቦ የተቀዳውን ደም መሣሪያው ይቆጥራል፤ ስንት ሴል እንዳለ ይናገራል እንጂ ከእነዚህ ሴሎች ውስጥ የትኛው የታመመው ዘረ መል እንዳለበት አይለይም። ያን የሚለየው ፒሲአር ነው። ፒሲአሩ የተጣበቀው ቢሲአር-ኤብል በደም ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀረ በመቶኛ ይሰጠናል። ሕክምናው በደኅና መንገድ እየሄደ ነው የሚባለው በ3 ወር ይህ መጠን 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ በ6 ወር 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ በ12 ወር ደግሞ 0.1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ በሲቢሲ ፍጹም ጤነኛ የመሰለ ሰው በፒሲአር ገና 8 በመቶ ሊሆን ይችላል። በቁጥሩ ብቻ የሚመራ ሰው የሚያቆመው እንግዲህ መቅኔው ውስጥ በሽታው ገና ብዙ ሳለ ነው።

እኅቴ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚጠይቁት ጥያቄ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብቻ ባይሆን እመክራለሁ፤ «የቢሲአር-ኤብል መጠኑ ስንት ነው? ካለፈው ወርዷል ወይስ ጨምሯል?» ብለው ይጠይቁ፤ ውጤቱንም ከነቀኑ በአንድ ደብተር ላይ ይመዝግቡ። ምርመራው በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ለቲቢ የምንጠቀምበት ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ግን ለዚህ የተሠራ የራሱ ካርትሪጅ ስላለው፣ መሣሪያውና ካርትሪጁ ባለበት ቦታ በአንድ ቀን ውጤት ይሰጣል። መጠኑ ወርዶ ወርዶ ተመልሶ መጨመር ከጀመረ ሁለት ምክንያት እንጠረጥራለን፤ አንደኛው ክኒኑ በትክክል አለመዋጡ፣ ሁለተኛው ኢንዛይሙ በሚውቴሽን፣ ማለትም በዘረ መል ለውጥ፣ ቅርጹን ለውጦ መድኃኒቱን አላስቀምጥ ማለቱ ነው። ለሁለተኛው እንደ ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብ ያሉ ተከታይ መድኃኒቶች ተሠርተዋል። የመጀመሪያውን ግን ሌላ መድኃኒት አይፈታውም። ለንደን ውስጥ 87 ሕመምተኞችን ይዞ በተደረገ ጥናት ክኒናቸውን ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ የዋጡትና ከዚያ በታች የዋጡት ሲነጻጸሩ የበሽታው መጠን በመውረዱ ረገድ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነበር፤ 90 በመቶ ማለት በወር ሦስት ቀን መርሳት ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

መልስ፦ የመድኃኒት ባለሙያ ከሜሪላንድ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአሜሪካ በመድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ ከአገር ቤት «ይህን መድኃኒት ገዝተህ ላክልን» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ስለሚደርሰኝ ስለ ዋጋውና ስለ አቅርቦቱ ብቻ እጽፋለሁ።

መድኃኒቱ ግሊቬክ በሚለው የንግድ ስሙ በ2001 ሲወጣ እዚህ አገር የዓመት ዋጋው 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ርካሽ ይሆናል ሲባል ከ90 ሺህ ዶላር በላይ ደረሰ። ይህን የተቃወሙት ሕመምተኞች ብቻ አልነበሩም። በ2013 ከ100 የሚበልጡ የዚህ በሽታ ሊቃውንት በአንድ ላይ ሆነው ዋጋው ሕሙማንን እየጎዳ ነው የሚል ጽሑፍ በደም ሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ፤ መሪያቸው በሂውስተን ኤምዲ አንደርሰን የሉኪሚያ ክፍል ኃላፊ የሆኑት፣ በቤይሩት የተማሩት ሃጎፕ ካንታርጂያን ነበሩ። ሐኪም ከሚያዝዘው መድኃኒት ባሻገር ሕመምተኛው ያን መድኃኒት ማግኘት መቻሉን የራሱ ጉዳይ አድርጎ ሲከራከር ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ዓመት የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምራቹ ኖቫርቲስ ያቀረበውን የባለቤትነት መብት ጥያቄ ውድቅ በማድረጉ የሕንድ አምራቾች ጀነሪኩን፣ ማለትም ያንኑ መድኃኒት ያለ ንግድ ስሙ፣ እየሠሩ ማቅረባቸውን ቀጠሉ፤ እዚህ አሜሪካም ጀነሪኩ በ2016 ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት ኢማቲኒብን መሠረታዊ መድኃኒቶች ከሚላቸው ዝርዝር ውስጥ በ2015 አስገብቶታል።

በሌላ ወገን ከ2002 ጀምሮ ኩባንያው ማክስ ፋውንዴሽን ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ መድኃኒቱን አቅም ለሌላቸው ሕሙማን በብዙ አገሮች በነጻ የሚሰጥበት መርሐ ግብር ዘርግቶ ነበር፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ስትሆን ሕሙማን በጥቁር አንበሳ በኩል ተጠቅመውበታል። ስለዚህ እኅቴ፣ ወንድምዎ በሆስፒታሉ በኩል መድኃኒቱን የሚያገኙ ከሆነ ያን መዝገብ አጥብቀው ይያዙት፤ ቀጠሮ ባለፈ ቁጥር የሚቋረጠው ክኒኑ ነውና። በሻንጣ የሚመጣ፣ ከየት እንደ ተገዛ የማይታወቅ፣ ማሸጊያው የተከፈተ መድኃኒት አይቀበሉ። ግሬፕ ፍሩት የተባለውን ፍሬ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይብሉ፤ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ያደርገዋል። ማንኛውንም የባህል መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊትም ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ አንዳንድ ዕፅ ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ እንዲያስወግደው በማድረግ ኃይሉን ይቀንሰዋል።

ወንድምዎ የሰው ታሪክ ይወዳሉ ብለዋልና አንድ ልጨምር። በ1999 ሙከራው መልካም ውጤት እያሳየ ሳለ የተመረተው መድኃኒት ጥቂት ስለ ነበር ብዙዎች በሙከራው መግባት አልቻሉም ነበር። አንዲት ካናዳዊት ሕመምተኛ ልክ እንደዚህ እንደኛ በኢንተርኔት ከሚወያዩ ሕሙማን ከ3 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባስባ ለኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ላከች፤ ኩባንያውም ምርቱን እንዲያፋጥን ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር።

ጠያቂ፦ የባሕር ዳር እኅት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ ሁሉንም መልስ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። የ53ቱን ከ54 ሲሰማ «አንደኛው ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። የመምህሩን ታሪክ ሳነብለት ግን ዝም አለ፤ እጁን ወደ ግራ ጎኑ ሲሰድድ አየሁት። ሁለት ነገር እንድጠይቅለት አዝዞኛል። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ በሽታው ወደ ልጆቹ ይተላለፋል ወይ? ሁለተኛው፣ ዕድሜ ልክ ማለት በእርግጥ ዕድሜ ልክ ነው ወይስ ሐኪሙ ራሱ የሚያቆምበት ጊዜ ይኖራል?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት

ለመጀመሪያው አይተላለፍም። የክሮሞዞሞቹ ልውውጥ የሚፈጠረው ሰው ከተወለደ በኋላ በአንድ የመቅኔ ሴል ውስጥ ነው፤ በዘር ሴሎች ውስጥ ስለሌለ ለልጅ አይወረስም፤ በንክኪም ሆነ በትንፋሽ አይጋባም። ሴት ሕመምተኛ ብትሆን ኖሮ መድኃኒቱን እየወሰደች እንዳታረግዝ እናስጠነቅቃት ነበር፤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላልና።

ሁለተኛው ጥያቄ በጣም ተገቢ ነው። የሚቆምበት ጊዜ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በፒሲአር ምንም ያልተገኘባቸው 100 ሕመምተኞች በሐኪም ክትትል ሥር ኢማቲኒብን አቁመው ነበር፤ ከመቶ 40 ያህሉ በሽታው ሳይመለስባቸው ቆዩ፤ የተመለሰባቸው አብዛኞቹ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስትና ሰባት ወራት ውስጥ ነበር የተመለሰባቸው፤ መድኃኒቱን ሲጀምሩም መልሶ ሠርቶላቸዋል። በዚህ መነሻ ዛሬ ቢያንስ ሦስት ዓመት የታከመ፣ ከዚያ ውስጥም ቢያንስ ሁለት ዓመት በፒሲአር በሽታው ጨርሶ ሳይገኝበት ወይም እጅግ ጥቂት ሆኖ የቆየ፣ ካቆመ በኋላም መጀመሪያ ላይ በየወሩ ሊመረመር የሚችል ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ሊሞክረው ይችላል። ወንድምዎ አምስተኛ ወራቸው ላይ ናቸው። በዚህ ደረጃ ያቆመ ሰው መመለሱን የሚያውቀው በፒሲአር ሳይሆን እንደ መምህሩ በጣፊያው ነው።

ስለ አንደኛው ሰው የጠየቁት ደስ ብሎኛል። በዚያ ጽሑፍ ላይ የሰፈረው ቁጥሩ እንጂ ታሪኩ አይደለም። ድሩከርም ከሶየርስና ከሌሎች ጋር በኋላ ያተኮሩት እንዲህ መድኃኒቱ እምቢ ባላቸው ሰዎች ላይ ነበር፤ ዳሳቲኒብ በ2006፣ ፖናቲኒብ በ2012፣ አሲሚኒብ በ2021 የጸደቁት ለእነዚያ በተደረገ ምርምር ነው።

ጠያቂ፦ የባሕር ዳር እኅት

አነበብሁለት። ዛሬ ማታ እራት ላይ ክኒኑን በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጠው፤ ስልኩ ላይም የ1 ሰዓቱን ደወል የሞላለት ትንሹ ልጁ ነው። ጸበሉን አልተወም፤ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ይገባል፤ የ14 ቀን ክኒን ከሦስት ትርፍ ጋር ቆጥሬ በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ በቦርሳው ከነጠላው ሥር አስቀምጬለታለሁ። ከጸበል እንደ ወጣ አዲስ አበባ ቀጠሮ አለው፤ የደብተሩንም የመጀመሪያ ገጽ አስምሬ «የቢሲአር-ኤብል መጠን» ብዬ ጽፌበታለሁ።